የልጄን ሰርግ በደረቴ የሰማሁበት ቅዳሜ

አዲስ አበባ ካለው ሰፈሬ፣ ከሀና ማርያም የወጣሁበት ዕለት ምሽት ላይ ጎረቤታችን ልጁን ይድር ነበር። ድንኳኑ ከእኛ አጥር ጋር ተጣብቆ ስለተተከለ፣ ሞንታርቦው በጮኸ ቁጥር ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ አስለፈች በርበሬውን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ከካልሲዎቼ መሃል ትወሽቃለች፤ እኔ አወጣዋለሁ፣ እሷ መልሳ ትወሽቀዋለች። ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደኝ ባለ ታክሲ «ሀይሌ ጋርመንት ደርሻለሁ፣ መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ቶሎ ውጣ» ብሎ ደወለ። ልጄን ልሰናበት ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ሰናይት ሁለት መዳፎቿን አጥሩ ላይ ዘርግታ፣ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ ቆማለች። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ጀርባዋን ነካ አደረግኳት፤ አልዞረችም። ደግሜ ነካኋት። አንዱን መዳፏን ከአጥሩ አንስታ ወደ እኔ ዘረጋችው፤ በእሷ ቋንቋ «ቆይ» ማለት ነው። አባቷ አገር ጥሎ ሊሄድ እሷ አጥር ታቅፋለች ብዬ ተቆጣሁ። ትከሻዋን ይዤ በግድ አዞርኳት፣ ግንባሯን ሳምኳት፣ ፊቴን እንደቋጠርኩ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ለሰፈሬ ሰዎችና እንደ እኔ ወጥተው ለቀሩት ነው። ስለ ስደት የተጻፈ ብዙ ለቅሶ አንብቤአለሁ። የኔ ታሪክ ባብዛኛው ደስታ ነው። ደስታው ግን ከጥፋቴ ይጀምራልና ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ አንዳንዱንም ጭራሽ እየገደልኩ ነው። (ወጣቶች፣ ትምህርት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ተምሬ ቢሆን ስንት ሰው ሬዲዮው ይተርፍለት ነበር!) ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወለሉ ጣውላ የሆነ ጠባብ ሱቅ ነበረኝ። የሰፈሩን የሰርግ ሞንታርቦዎች ግማሹን የጠገንኩት እኔ ነኝ። ሰናይት ምሳ ስታመጣልኝ፣ ካጎነበስኩበት ቀና እንድል ወለሉን ሦስት ጊዜ በእግሯ ትመታው ነበር፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። «ፈረስ የገባ ይመስላል፣ ተይ!» እያልኩ እቆጣት ነበር።

ስድስት ዓመቷ ላይ ነው፤ ጋሽ ቶሎሳ ልጃቸውን ዳሩ። ጋሽ ቶሎሳ ከተማው ሳይመጣ በፊት በዚያ መሬት ላይ ጤፍ ያረሱ፣ ዛሬም ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ላሞች ያላቸው፣ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሙዚቃው እንደተጀመረ ሰናይት ከእናቷ ጉያ ሾልካ ሄደችና ሞንታርቦውን በሁለት እጇ አቀፈችው። ጉንጯን ለጥፋበት፣ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ትላለች። ሰው ይስቅ ጀመር።

«ጌታሁን፣ ልጅህን አንሳት እንጂ፣ ሰው ሳቀባችሁ» አሉኝ ጋሽ ቶሎሳ።

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት፤ እስከ ቤት እያለቀሰች መጣች። በር ላይ ስንደርስ ተንበረከክኩና ከከንፈሬ እንድታነብ ቀስ ብዬ «ሙዚቃ ለአንቺ አይደለም» አልኳት። ከተናገርኳት ሁሉ ድገምልኝ ያላለችኝ እሱን ብቻ ነው።

የወጣሁትም ለእሷ ጆሮ ብዬ ነው። ውጭ አገር ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አለ፣ በቀዶ ጥገና ያስገቡታል ሲባል ሰማሁ። ለሁለት ሳምንት ስልጠና ተብሎ ለጀርመን ቪዛ ተሰጠኝ፤ ስልጠናው ሲያልቅ አልተመለስኩም። ቃሌን አጠፍኩ። ይህን እንደ ጀብዱ የሚያወሩ አሉ። እኔ ግን ልጆቻችሁ እንዳይማሩት ነው የምጽፈው። ሐምቡርግ በሚባል ከተማ ጥገኝነት ጠየቅኩ። የምትመዘግበኝ ሴት በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ፦

«የመጡበት ምክንያት?»

«የልጄ ጆሮ።»

«ልጅዎ የት ናት?»

«አዲስ አበባ።»

«ታዲያ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

አስተርጓሚው አየኝ፣ እኔ አስተርጓሚውን አየሁት። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ ፋይሌም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሥራ መሥራት ተፈቅዶልኛል፣ ከአገሩ መውጣት ግን አልችልም። በየጊዜው ልጠይቅ ስሄድ «ተርሚን አለህ?» ይሉኛል፤ ቀጠሮ ማለት ነው። «ተርሚን ልይዝ ነው የመጣሁት» ስላቸው «ለእሱም ተርሚን ያስፈልጋል» ይሉኛል።

የኛ ክረምት ተቆጥቶ ያወርደዋል፣ ከዚያ ፀሐይ ይወጣል፣ ይታረቃል። የዚህ አገር ዝናብ ግን እንዳኮረፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል። ዳቦው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ መጀመሪያ ስቀምሰው እንጀራ ልሁን ብሎ ሳይሳካለት የቀረ መሰለኝ። አሁን ለምጄዋለሁ፣ በአስለፈች በርበሬም ይበላል። ያልለመድኩት ጸጥታውን ነው። የተከራየሁት ክፍል ባለቤት ፍራው ክሩገር የሚባሉ አሮጊት፣ ከሥሬ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ውሉን ሳልፈርም እንደ ፖሊስ መረመሩኝ።

«የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወታሉ?»

«አልጫወትም።»

«ይዘፍናሉ?»

«በሕይወቴ ዘፍኜ አላውቅም።»

«ቤተሰብ ይመጣል?»

«ምናልባት ልጄ። እሷም መስማት አትችልም።»

ፊታቸው በራ። «በጣም ጥሩ! ጸጥ ያለች ናት ማለት ነው!»

«ተሳስተዋል» አልኳቸው። «በር ስትዘጋ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ከእሷ በቀር።»

አልሳቁም። የቤቱን ሕግ በሩ ላይ ለጠፉልኝ። ቀን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት «ሩኸ» ነው፣ ጸጥታ። እሁድ ቀኑን ሙሉ ሩኸ ነው። በሀና ማርያም እሁድ ገና ሳይነጋ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ቤታችን ድረስ ይመጣል፤ እዚህ እሁድ ባዶ ጠርሙስ የሚጣልበት ገንዳ ውስጥ ጠርሙስ ብትጥል ጎረቤት መስኮት ከፍቶ ይገላምጥሃል።

ከብዙ ወራት በኋላ በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ሥራ አገኘሁ። ወንበር እደረድራለሁ፣ ገመድ እጠቀልላለሁ። በስድስተኛ ዓመቴ አንድ ቀን በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ለአንዳንድ እንግዶች ጥቁር ሰደርያ ሲታደል አየሁ። የሚወስዱት በእጃቸው የሚያወሩ ሰዎች ናቸው። ዓይነ ስውራን መድረኩ ላይ የሚሆነውን በጆሯቸው የሚነግራቸውን ትንሽ መሣሪያ ይወስዳሉ። ከቤት መውጣት ያልቻሉ ሕመምተኞች ደግሞ ከአልጋቸው ሆነው በስልካቸው ቀጣዩን ዜማ ይመርጣሉ፤ የመረጡት ሲጫወት ስማቸው በትልቁ ስክሪን ላይ ይወጣና አዳራሹ ያጨበጭብላቸዋል። እኔ አልተዋጠልኝም። ለድምፅ ባለሙያው ለየንስ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ነገርኩት።

«የንስ፣ ይሄ ማታለል ነው። ለማይሰማ ሰው ሙዚቃ መሸጥ ምን ይባላል?»

የንስ ወሬ አይወድም። ጆሮዬን በስፖንጅ ወተፈ፣ በላዩ የግንበኞችን የጆሮ መሸፈኛ ደፋብኝ፣ ሰደርያውን አለበሰኝና መድረኩን አሳየኝ። ምንም አይሰማኝም። ከበሮ መቺው እጁን ሲያወርድ ግን ጎድኔ ሥር አንድ ነገር መታኝ። ባሱ ጀርባዬ ላይ ተራመደ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ትከሻዬ ላይ እንደ ጉንዳን ሮጠ። ሰደርያው ድምፁን ሁሉ ወደ ንዝረት ይለውጠዋል፤ የት ላይ እንደሚፈጥን፣ የት ላይ እንደሚያርፍ አወቅኩ። ከዚያ አጥሩ ትዝ አለኝ። ሞንታርቦው ትዝ አለኝ። ልጄ ይህን ያለ አስተማሪ በስድስት ዓመቷ አግኝታው ነበር፤ ሞንታርቦ ጠጋኙ አባቷ ግን ክንዷን ይዞ ጎተታት። እንባዬ ሲወርድ የንስ ሰደርያው ኤሌክትሪክ ያስያዘኝ መስሎት ሮጦ ማብሪያውን አጠፋው።

በዚያው ሰሞን አስለፈች ደወለች። ሰናይት ሃያ ዓመት ሞልቷት፣ ከእሷው ጋር የተማረ፣ እንደ እሷ የማይሰማ የልብስ ስፌት ባለሙያ ልታገባ ነው። ከልጄ ጋር በስልክ አውርተን አናውቅም፤ የምንገናኘው በቴሌግራም ጽሑፍ ነው። «ሙዚቃው እንዴት ነው?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ሙዚቃ አይኖርም። ምሳ፣ ምርቃት፣ ፎቶ። በቃ።»

«ለምን?»

«ሙዚቃ ለአንቺ አይደለም ብለኸኝ የለ።»

ለጆሮዋ ያጠራቀምኩት ገንዘብ እንዳለ ነገርኳት። «ጆሮ መቼ ጠየቅኩህ?» አለችኝ።

በኛ ቤት ይቅርታ የሚጠይቀው ልጅ ነው፤ አባት ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላደግኩም። ደግሞም ለእሷ ይቅርታ በከንፈር አይበቃም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርመንኛ ስማር የልጄን ቋንቋ አልተማርኩም ነበርና፣ ከኢንተርኔት ላይ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ቪዲዮ ፈልጌ መስታወት ፊት ተለማመድኩ። «አጥፍቻለሁ። ሙዚቃ ያንቺም ነው። ይቅር በይኝ።» ራሴን ቀርጬ ላክሁላት። በማግስቱ፦

«እጅህ ሲያወራ ብሎን የሚፈታ ይመስላል። ግን ገባኝ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ታዲያ ሙዚቃው እንዴት ይሁን?» ብላ ጻፈች።

ሱቄን ወደያዘልኝ ጓደኛዬ ወደ ደመቀ ደወልኩ፤ ዛሬ በሰፈሩ ሰርግ ሞንታርቦ የሚያከራየው እሱ ነው። ወፍራም የኮምፔንሳቶ ጣውላ ገዝተህ ከፍ ያለ መድረክ ሥራ፣ ከሥሩ ትልልቁን ባስ ስፒከር ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ እሰር፣ ንዝረቱን መሬት እንዳይበላው እግሮቹን አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጥ አልኩት።

«ጌትሽ፣ ስድስት ዓመት ጀርመን ተቀምጠህ ያመጣኸው እውቀት ስፒከር መቅበር ነው?»

«ሥራውና ቁምበት።»

በሳምንቱ በቪዲዮ ደወለ። ቆሞበታል፤ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። «ኧረ ጥርሴ!» ይላል። «ጌትሽ፣ ጥርሴ ውስጥ ዘፈን ገባ!» ከዚያ የራሱን ጨመረበት፤ እንግዶች ቀጣዩን ዘፈን በቴሌግራም ድምፅ እየሰጡ እንዲመርጡ፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃትም ስልክ እየሰማ በጽሑፍ ቴሌቪዥን ላይ እንዲያወጣው አዘጋጀ። ወጣት ያበላሸዋል የምለው ስልክ ለዚህ ሲውል አየሁ። የስልኩ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው።

ሰርጉ ቅዳሜ ነው። እኔ መሄድ አልችልም። የንስ ሰደርያ አዋሰኝ፤ ከስልኬ ጋር አገናኝቼው ክፍሌ ውስጥ ሱፍ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከላይ ሰደርያውን ለብሼ ቆምኩ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቆምኩት። አስለፈች ድንኳኑን አዞራ አሳየችኝ። መድረኩን ሳይ ወደ ስልኩ ተጠጋሁ።

የዕድሩ አስተናጋጆች ከፍ ያለ መድረክ ሲያዩ የክብር ቦታ መሰላቸው። ምንጣፍ አንጥፈውበት፣ ቄጤማ ጎዝጉዘውበት፣ ወንበር ደርድረውበት ጋሽ ቶሎሳንና አራት ሽማግሌዎችን አስቀምጠውበታል። ሙሽሮቹና የማይሰሙት ጓደኞቻቸው ታች፣ መሬት ላይ ናቸው።

«አስለፈች! እዚያ ላይ አይቀመጡም! ንገሪያቸው!»

«አንተ ምን ነካህ? ሽማግሌ ከተቀመጠበት ተነሱ ይባላል?»

ልጄን ሽማግሌ ከተቀመጠበት አይነሳም እያልኩ ያሳደግኩ እኔ ነኝ። ደመቀም አልደፈረም። ጋሽ ቶሎሳ ምርቃቱን ጀመሩ። ቃላቸው ቴሌቪዥኑ ላይ እየተጻፈ ሲወጣ፣ የማይሰሙት ልጆች እያነበቡ እጃቸውን ዘርግተው አሜን ሲሉ አዩና ደነገጡ። ከዚያ ለቴሌቪዥኑ እንደሚያስጽፉ ሆነው ቀስ እያሉ ይመርቁ ጀመር። «ውለዱ… ጻፍከው? ክበዱ…»

ምርቃቱ አልቆ ምሳ ተበላ። የዘፈን ምርጫ ተከፈተ፤ የሰናይት ጓደኞች አንድ ላይ ተነጋግረው ስለመረጡ፣ ምቱ ከሁሉ የሚፈጥነው ጉራጊኛ አሸነፈ። ደመቀ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው።

ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ መራመድ ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ ፈጣሪን ጠርተው «ያ ዋቃዮ! መሬት ተንቀጠቀጠ!» ብለው ከመድረኩ ዘለሉ። አዲስ አበባን የነቀነቃት የመሬት መንቀጥቀጥ ከሰው ልብ ስላልወጣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አነሱ። «አጥፉት! አጥፉት!» ተባለ።

«ማንም እንዳያጠፋው!»

ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ከወንበራቸው አልተነሡም። መዳፋቸውን የወንበሩ እጀታ ላይ፣ ከዘራቸውን ጣውላው ላይ ተክለው፣ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተዋል።

«ደመቀ፣ ይሄ ጉራጊኛ ነው?»

«ነው፣ ጋሽ ቶሎሳ።»

«እሰይ! ሰማሁታ!»

አስለፈች ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ አንሾካሾከችልኝ። ጆሯቸው ከደከመ ዓመታት ሆኖታል፤ በዕድር ስብሰባ ላይ የተባለውን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያሳልፉታል፣ እኛ ኩራት ይመስለን ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፣ ወንበሮቹን በእጃቸው እየጠቆሙ አስነሱ፣ ለሰናይት እጃቸውን ዘረጉላት።

«ነይ ልጄ፣ ነይ። ቦታሽ ላይ ተቀምጬ ነው።»

ያን የልጃቸውን ሰርግ ያስታውሱት አያስታውሱት አላውቅም። እኔ ግን ሁለቱንም ቀን አብሬ አየሁ።

ሰናይት በቬሎዋ ወጣች። ጫማዋን አወለቀች። ጓደኞቿ ተከተሏት፣ ሁሉም በባዶ እግር። ጉራጊኛው ሦስቴ ተመረጠ፤ ዝግ ያለ ዘፈን የፈለጉት አክስቶች «ይሄ ምርጫ ተጭበርብሯል!» እያሉ ጨፈሩ። ሰደርያው ጎድኔን ይደበድባል። ዘፍኜ አላውቅም ብዬ ውል የፈረምኩት ሰውዬ፣ በሐምቡርግ ፎቅ ላይ፣ በሩኸ ሰዓት፣ መዝለል ጀመርኩ።

በሩ ተንኳኳ። ፍራው ክሩገር ናቸው።

«ሄር ጌታሁን! ሩኸ! ምንድን ነው ይሄ?»

«የልጄ ሰርግ ነው።»

ክፍሉን አዩት። ድምፅ የለም፤ ሙዚቃው ሁሉ ሰደርያው ውስጥ ነው። ሱፍ የለበሰ ላብ ያጠመቀው ሰው ብቻውን ቆሟል። ስልኩ ላይ ሙሽራዋን አዩ። መዳፋቸውን ደረቴ ላይ፣ ሰደርያው ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ተለወጠ። ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«አሥራ አምስት ደቂቃ» አሉና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

ዘፈኑ ሲያርፍ ሰናይት ሁሉንም ከመድረኩ አስወረደች። ከእናቷ ስልኩን ተቀብላ ጣውላው ላይ አስቀመጠችው። አሁን የማየው የድንኳኑን ጣሪያና የቬሎዋን ጠርዝ ብቻ ነው። ከዚያ ደረቴ ላይ መጣ።

ዷ። ዷ። ዷ።

ቀና እንድል ነው። ሱቁ ውስጥ እንደነበረው። ከአጎነበስኩበት ስድስት ዓመት ቀና አልኩ።

«ደመቀ!» ብዬ ጮህኩ፣ «የእኔን ድምፅ ወደ መድረኩ አዙረው!» የድንኳኑን ሁካታ አልፎ ሰማኝ፣ አንድ ገመድ አስለፈች ስልክ ላይ ሲሰካ ጆሮዬን ሰነጠቀው። ስልኬን ከመደርደሪያው አውርጄ ወለሉ ላይ አደረግኩት። ፍራው ክሩገርን አየኋቸው። ወለሉ የእሳቸው ጣሪያ ነው። ሰዓታቸውን ደግመው አዩ፤ አሥራ አምስቱ ደቂቃ አልፏል። ቀስ ብለው የሹራባቸውን እጅጌ ጎትተው ሰዓቱን ሸፈኑት።

በሙሉ እግሬ ሦስት ጊዜ መታሁ።

ሐምቡርግና ሀና ማርያም መሃል ድምፅ ትንሽ ይዘገያል። በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ተንበርክኬ ስልኩ ላይ አጎነበስኩ። አስለፈች የእሷን ስልክ ከጣውላው አንስታ ሰናይትን አሳየችኝ። ልጄ በቬሎዋ ተንበርክካለች፣ ሁለት መዳፎቿ ጣውላው ላይ ናቸው፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ደረሰላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

ሌላ ነገር ልላት ፈለግኩ፤ ፋይሌን፣ መምጫዬን፣ ያልመለስኩትን ጥያቄ። «ሰናይት» ብዬ እጄን አነሳሁ።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝና አንዱን መዳፏን ከጣውላው አንስታ ወደ እኔ ዘረጋችው። ቆይ።

አሁን አልተቆጣሁም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ንዝረቱን አዳምጣ እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ፍራው ክሩገርም ጠበቁ።